አንቺ፣ አጃሽ አረረ

ትዝታ ለመጻፍ ሰው ስንት ዓመት መኖር እንዳለበት የነገረኝ የለም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ወንድሜ ኢዮስያስ ስጽፍ አይቶኝ «አንቺ ደግሞ የምን ትዝታ አለሽ፣ ላይሰንስ እንኳ የለሽ» ብሎኛል። ይበል። ሰባት ዓመት ቀላል ዘመን አይደለም። በሰባት ዓመት ውስጥ እዚሁ ቶሮንቶ ከክሬሰንት ታውን አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ወርደን ስካርቦሮ ደረጃ ያለው ቤት ገብተናል፣ እኔ እናቴን በቁመት አልፌያታለሁ፣ ጆሲም (ኢዮስያስን ቤት ውስጥ ጆሲ ነው የምንለው) አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ መንጫረር ጀምሯል። ስለዚህ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ «በዚያ ዘመን» ብዬ ስጀምር እንዳትስቁብኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አጃ ዘመን ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እትዬ አስካለ ቁርስ ተጋብዘው መጥተው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዌስተን ብቻቸውን ይኖራሉ። ከዚያ እኛ ቤት ለመድረስ ባቡርም አውቶቡስም ይይዛሉ፣ ግን ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ካልደረሱ ያረፈዱ ይመስላቸዋል። ኮታቸውን አውልቁ ቢባሉ «አሁን እሄድ የለ» ብለው እስከ አንገታቸው እንደ ቆለፉ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ፎቅ ላይ ፀጉሯን ትሠራለች። ጆሲ ኩሽና ነው። ከኩሽናው በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ቤቱን በሙሉ በሚያሰማ፣ «አንቺ፣ አጃሽ አረረ» የሚል መጣ።

እትዬ አስካለ ወደኔ ዞሩ። «ማንን ነው?»

«ማሚን» አልኩ።

«እናቱን? አንቺ ብሎ?» ኮታቸውን ይበልጥ ሰበሰቡት። «እኔ እናቴን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንቱ እንዳልኳቸው ነው። ዘንድሮ ልጅ እናቱን እንደ ጎረቤት ድመት ይጠራል።»

ማሚ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ ከደረጃው ወረደች። ትቆጣለች ብዬ አልጠበቅሁም፣ አልተቆጣችም። እየሳቀች ነበር። «ተዉት እትዬ፣ ይበለኝ» አለች። «ይቺን አንቺ በስንት መከራ ነው ያገኘኋት።»

እትዬ አስካለ አልገባቸውም። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ አልነበርኩም። ያረረ አጃ የራሱ ሽታ አለው፤ መጀመሪያ እንደ ቆሎ ደስ ይላል፣ ከዚያ ሳታስቡት አፍንጫችሁን ይቆነጥጣል። የቆነጠጠኝ ጊዜ አሥር ዓመቴ ሆኖ፣ ክሬሰንት ታውን፣ ከኤሌቬተሩ በስተግራ ሦስተኛው በር ጋ ቆሜ ነበር።

በዚያ ዘመን የክሬሰንት ታውን ኤሌቬተር ሦስት ነበር፣ የሚሠራው ግን ሁሌ አንድ። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት የሌላ ሰው እራት ይገባል፤ አራተኛ ላይ የሽንኩርት ቁሌት፣ ዘጠነኛ ላይ ዓሣ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ እኛ። ከሕንፃው ወደ ሰብዌዩ ባቡር የሚወስድ ድልድይ ነበር፤ ነፋሱ በጎን ስለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጆሮውን ይዞ ነው የሚሻገረው። የኔ ጃኬት ሐምራዊ ነበር፤ ማሚ «ታድጊበታለሽ» ብላ የገዛችው፣ እጄ ከእጅጌው ለመውጣት ሁለት ክረምት ፈጀበት። የጆሲ ቦት ሲረግጥ ቀይ መብራት ይበራ ስለነበር በረዶ ላይ ዱካው ያበራል ብሎ እየዞረ ያይ ነበር። አባቢ፣ አባታችን ማለት ነው፣ መርካቶ ተከራክሮ የገዛውን የቆዳ ጃኬት አላወልቅም ብሎ ሙሉ ጥር ወርን ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ዳንፎርዝ መንገድ ጥግ ላይ ያለው ትንሽ ሱቅ የማንጎ ጭማቂ በአንድ ዶላር ይሸጣል፤ ባለቤቱ ጆሲን ባየ ቁጥር «ሄሎ ሰር» ይለዋል፣ ጆሲም ኮፍያውን ያወልቃል። አሁን እዚያ ሱቅ ቦታ ላይ የስልክ መሸጫ ገብቷል። ባለፈው ከአውቶቡስ ወርጄ ደጁ ላይ ትንሽ ቆምኩ። አንድ ልጅ «እርዳታ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ምን ልበለው፤ ማንጎ።

ማሚ ቶሮንቶ ከኛ አራት ዓመት ቀድማ ነው የመጣችው። ስትሄድ ጆሲ ገና በዳዴ ነበር። እኛ አዲስ አበባ ከአባቢ ጋር አያታችን ቤት ቀረን፤ አያታችንን ሁለታችንም «እማዬ» ነበር የምንላት። ስለዚህ እማዬ የሚለው ስም ተይዟል። እናታችን «ማሚ» ሆነች፣ ማሚ ደግሞ የምትኖረው ስልክ ውስጥ ነው። በየቀኑ ትደውላለች። ማሚ ፍንጭት ናት፤ ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሃል አንድ የክብሪት እንጨት ያስገባል። ጆሲ ስልኩን ይቀማንና ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ፍንጭቷ ላይ አድርጎ «በሩን ክፈቺ፣ ልግባ» ይላታል። እሷም አፏን ትከፍትለታለች። የዚያ ዘመን ዘፈን ምን ነበር ብትሉኝ የቪዲዮ ኮሉ ጥሪ ነው። ቱ-ሩ-ሩ ሲል ጆሲ ምንም እየበላ ይሁን ጥሎ ይሮጣል።

ከዚያ ማሚ እኛን ለማምጣት የጀመረችው ስፖንሰርሺፕ አለቀና መጣን። ኤርፖርት ማሚ ሁለት ጃኬት በክንዷ ይዛ ቆማ ነበር። እኔ ሮጬ ተጠመጠምኩባት። ጆሲ መጣና እጁን ዘረጋ። «እንደምን አሉ?» አላት።

እማዬ ልጅ ስታሳድግ አንድ ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም ነበር፤ ትልቅ ሰው፣ እንግዳ ሰው፣ «እርስዎ» ነው። ጆሲ ጨዋ ልጅ ነው። አፓርትመንቱ ገባን፤ ማሚ ተንበርክካ የጫማውን ክር እየፈታችለት ሳለ በጭንቅላቷ ላይ አሻግሮ አባቢን «ለማሚ መቼ ነው የምንደውልላት?» አለው። የማሚ እጅ ክሩ ላይ ቆመ።

«ይቺ እኮ ናት ማሚ» አለው አባቢ።

ጆሲ ቁልቁል አያት። «እሺ» አለ። ትልቅ ሰው ሲናገር አይከራከርም። ከዚያ አባቢን ጎንበስ አስደረገውና በጆሮው፣ ሁላችንም በሰማነው ሹክሹክታ፣ «ማሚ እኮ ይቺን ታህላለች» ብሎ መዳፉን አሳየው።

አሁን ሳስበው አልፈርድበትም። የስልኳ ማሚ ትንሽ ናት፣ ትስቃለች፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። እኚህ ሴትዮ ረጅም ናቸው፣ መነጽር ያደርጋሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሻሽ ያስራሉ፣ ደግሞ አይስቁም። ለምን እንዳልሳቀች እኔ ነኝ የማውቀው። ማዕድ ላይ ሆና አፉን ስታይ፣ ይበላ ይሆን እያለች፣ የራሷን ከንፈር ገጥማ ትነክስ ነበር። ሳምንት ሙሉ ጥርሷን አላየንም።

ጆሲ አይበላም ነበር። ነጭ ዳቦ በሻይ፣ በቃ። ክሊኒክ ሲወስዱት ነርሷ መዘነችው፣ ዶክተሯ የደም ወረቀቱን አየች፣ ደሙ አነስ ያለ ነው፣ ክብደቱም ለዕድሜው ያንሳል፣ ጠዋት ጠዋት አጃ፣ ፍራፍሬ፣ ወተት ጀምሩለት፣ በረዶው ሲቀልጥ መልሳችሁ አምጡት አለች። ማሚ የምትሠራው የአረጋውያን ቤት ነው፤ ከሰዓት ትገባለች፣ ሺፍቷ የሚያልቀው እኛ ከተኛን በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሷ የለችም። ምሳችን ትምህርት ቤት፣ እራታችን ከአባቢ ጋር። የሷ የነበረው ቁርስ ብቻ ነው፤ ከእንቅልፍ እስከ ስኩል ባስ ያለችው አንድ ሰዓት። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ልጇን ማብላትም፣ ልጇ መሆኑን ማስታወስም ነበረባት።

እንግዲህ አጃው መጣ። በቢጫ ከረጢት፣ ትልቁ፣ ሦስት ዶላር አይሞላም። ጓደኛዬ ቤት ያየሁት ባለቀለም ሲሪያል፣ ወተቱን ሮዝ የሚያደርገው፣ ስድስት ዶላር ነበርና ማሚ ሱቁ መሃል ቆማ ከረጢቱን በአንድ እጅ፣ ካርቶኑን በሌላ እጅ መዝና «ለስድስት ዶላር ነፋስ አልገዛም» አለች። ለዚህ ቃል ይቅር ያልኳት በቅርቡ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በወተት የተቀቀለ፣ ሙዝ የተቆረጠበት። አባቢ ማንኪያውን ዘቅዝቆ አየው፣ አልወረደም። «ትዕግስት» አላት፣ «አጃ እኮ የአራስ ነው። ማን ወለደ?»

«ዝም ብለህ ብላ፤ ለልብ ጥሩ ነው።»

«ልቤ ደህና ነው። እንኳን ማርያም ማረችህ እንዳትሉኝ ነው የምፈራው።»

እኔ በበኩሌ ሙዙን ለቅሜ በላሁና የቀረውን ማሚ ስትዞር ኮሪደሩ ጫፍ ባለው የቆሻሻ ማውረጃ ቀዳዳ ላክሁት። አሥራ ሁለት ፎቅ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብ ጭብጨባ ይመስላል። ይህንን ለማሚ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ እንግዲህ እዚህ ታንብበው።

ጆሲ ግን አልጣለም፣ አልተነጫነጨም፣ ፊቱንም አላጨማደደም። ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ወደ ማሚ ገፋና «እግዜር ይስጥልኝ። ጠግቤያለሁ። እርስዎ ይብሉ» አለ።

በማግስቱ በቀረፋና በዘቢብ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ በብርጭቆ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ፤ ያንን አባቢ «ብርድ የመታው ገንፎ» ብሎ ስም አወጣለት። «እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ የአጃ ዱቄት ፓንኬክ፤ እኔ አራት በላሁ፤ ጆሲ አሽትቶት «ደስ ይላል፣ ለሶስና ይስጧት» አለ። ሶስና እኔ ነኝ። ማሚ አንድ ቀን አጃውን አውጥታ በምትኩ ነጭ ዳቦ ስትቆርስለት አባቢ «ምን ሆነሻል፣ ልጁ እኮ እያመሰገነ ነው» አላት። ማሚ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እንግዳ ነው የሚያመሰግነው» አለች። «የቤት ልጅ ይነጫነጫል።»

በዚያው ቀን፣ በእራት ሰዓት፣ ቱ-ሩ-ሩ አለ። ማሚ በሥራ እረፍቷ የደወለችው አባቢ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ምስር እንዲያሞቅ ልትነግረው ነበር። ከመጣን ወዲህ በቪዲዮ ደውላ አታውቅም፤ ለምን ትደውላለች፣ አንድ ቤት ነው ያለነው። ጆሲ ግን ጥሪውን ከነዜማው ያውቀዋል። ሶፋውን ዘሎ ስልኩን ቀማ። ስክሪኑ ላይ ማሚ፤ የሥራ ኮፍያዋን አድርጋ፣ ባለቢራቢሮ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነጭ መብራት ሥር፣ መነጽር የለም፣ ሻሽ የለም፣ መዳፍ የምታህል።

«ማሚ! የት ጠፋሽ?»

አስታውሳለሁ፣ አባቢ ስልኩን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፣ እሷ በስክሪኑ ውስጥ ሆና በጣቷ «ቆይ» አለችው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው የኔ ጌታ። እንዴት ነህ?»

«ማሚ፣ እዚህ አንድ ሴትዮ አሉ።»

«እሺ።»

«ደግ ናቸው። ግን በየቀኑ ሊጥ ይሰጡኛል።»

እኔ ትራስ ነከስኩ። አባቢ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማሚ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልለየ ድምፅ፣ «ምን ዓይነት ሊጥ?» አለችው።

«የሚያዳልጥ። ሙዝ ከተውበት ሙዙም ያዳልጣል። ደግሞ ስበላ ያዩኛል። አፌን።»

«አፍህን ያዩሃል?»

«እንዲህ» ብሎ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከንፈሩን ገጥሞ አሳያት። ቁርጥ እሷን።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አጃው ቀጠን ብሎ፣ ሙዝ ሳይገባበት ቀረበ። ማሚ ደግሞ አላየችውም፤ ለሲንኩ ዞራ ቆመች። ጆሲ ሦስት ማንኪያ በላና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሦስት ማንኪያ። ማሚ ወደ ባሱ ስትሸኘን በኮሪደሩ እያዜመች ሄደች።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ማታ ለስልኳ ማሚ ክስ ይቀርባል፣ ጠዋት እኚያ ሴትዮ ይሻሻላሉ። አባቢ አልወደደውም። አንድ ጠዋት «ይሄ ጨዋታ ይብቃ፣ ቁጭ አድርገሽ ንገሪው» ሲላት ሰምቻለሁ። «አንተ ስንት ጊዜ ነገርከው?» አለችው። «እሺ ብሎሃል። እሺ እያለኝ ሊያድግ ነው? ተወኝ። ሆዱን የሚነግረኝ በዚያች ስልክ ብቻ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቢ የቀረበለትን አጃ፣ የአራስም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው መብላት ጀመረ።

ግን ሦስት ማንኪያ ከሦስት አልፎ አራት አልሆነም። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፣ የክሊኒኩ ቀን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ማሚ ቀኑን ታየዋለች፣ ጆሲን ታየዋለች፣ ተመልሳ ቀኑን ታየዋለች። አንድ ማታ በስልክ «እውነቱን ንገረኝ፣ ጠዋት ምን ቢሰጡህ ትበላለህ?» አለችው። አሰበ። «እማዬ የምትሠራው ጭብጦ» አላት።

ጭብጦ ለማያውቅ ሰው፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ በሶ ማለት ነው፣ በቅቤና በጨው ተለውሶ በእጅ የሚጨበጥ ነው። ቅርፁ የጨበጠው ሰው እጅ ነው፤ ጣቶቹ በሙሉ ታትመው ይቀራሉ። እማዬ ለጆሲ በልኩ፣ በትንሹ ትጨብጥለት ነበር።

ቤት ውስጥ በሶ የለም። አጃ ግን ሞልቷል። በማግስቱ፣ ጆሲ ባስ ከተሳፈረ በኋላ ነው፣ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀርቼ ነበር፣ ማሚ መጥበሻውን ጥዳ አጃውን በደረቁ መቁላት ጀመረች። አጃ እንደ ገብስ አይደለም፤ ቀጭን ስለሆነ ቆሎ ቆሎ ሸተተ ስትሉ አርሯል። የጭሱ ደወል ጮኸ። አባቢ በትሪ እያራገበ ወንበር ላይ ወጣ፣ ማሚ በሩን ከፈተች፣ ኮሪደሩ ላይ አራት በር ተከፈተ፣ የባንግላዴሽ ጎረቤታችን ሕፃን ታቅፋ መጥታ መጥበሻውን አየችና ምንም ሳትል እሳቱን በጣቷ ቀንሳው ሄደች። ሁለተኛው አላረረም። በቡና መፍጫ ፈጨችው፣ እማዬ የላከችውን ንጥር ቅቤ ጨመረች፣ ማር፣ ትንሽ ጨው። ጨበጠች። አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። ባለቀለሙን ሲሪያል የረሳሁት ያን ቀን ነው። የቀረውን በጨርቅ ሸፍና አንዱን በቦርሳዋ ይዛ ሥራ ሄደች።

ማታ ቱ-ሩ-ሩ አለ።

«ማሚ፣ ምን ትበያለሽ?»

«ጭብጦ።» ለስክሪኑ አስጠግታ አሳየችውና ነከሰች።

«ለኔስ?»

«ግማሹን ላንተ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ሳህንህ ላይ ታገኘዋለህ።»

«እንዴት አድርገሽ ታወጪዋለሽ?» አላት፣ በጣም ቸግሮት። ከስልኩ ማለቱ ነው።

«አንተ ተኛ። እኔ አውቃለሁ።»

ጠዋት ሳህኑ ላይ የነበረው ያ ግማሽ ብቻ ነው። ወተት የለ፣ ማንኪያ የለ። ማሚ ጀርባዋን ሰጥታን አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ታጥባለች። ጆሲ ጭብጦውን አነሳው። በአንድ ወገን የጣት ዱካ አለ። በሌላው ወገን ተነክሷል፤ ፍንጭት ሰው ሲነክስ ደግሞ መሃሉ ላይ ቀጭን አጥር ትቀራለች። ጆሲ አጥሯን በምላሱ ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ የማሚን ጀርባ አየ።

«ይሄን ማን ነከሰው?»

ውሃው ቆመ። «እኔ» አለች፣ ሳትዞር።

ከወንበሩ ወረደ። ሄዶ ቀሚሷን ጎተተና አዞራት። «ይቅርታ» አላት። «አፍዎን ይክፈቱ።»

ማሚ ተንበረከከች። ለመክፈት ሞከረች፣ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ከፈተች። ጆሲ እንደ ዶክተር ጠጋ ብሎ አየ። ጭብጦውን አንስቶ ጥርሷ ላይ ለካው፣ ገጠመ። ጭብጦውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ የቀኝ ጣቱን ፍንጭቷ ላይ አደረገ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቱ እንዳይወጣ በጣም በቀስታ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፣ ተቆጥቶ።

አባቢ የሆነ ነገር ሊል ነበር፣ እኔ በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። ጆሲ ጭብጦውን ጎርሶ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ኩሽናውን ዞር ዞር ብሎ አየ። «እኚያ ሴትዮስ የት ሄዱ?»

«ሥራ ሄደዋል» አለችው ማሚ፣ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች።

«ደግ ነበሩ» አለ። አኘከ። «አንቺ ግን የሳቸውን ሊጥ እንዳትሠሪ። ደግሞ ይሄ ትንሽ ነው። ደግሞ ቅቤው በዝቷል።»

ቅቤው በዝቷል ሲላት የሳቀችውን ሳቅ መጻፍ አልችልም፣ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ። ክሊኒክ የሄድን ቀን ነርሷ ሚዛኑን አይታ «ምን ስታበሉት ነበር?» አለች፤ ጆሲ በአዲሱ እንግሊዝኛው «ማይ ማም ባይት ኢት»፣ እናቴ ነክሳዋለች ለማለት፣ ብሎ መለሰ። ነርሷ የጻፈችውን አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለእትዬ አስካለ የነገርናቸው እየተቀባበልን ነው። ማሚ ስትረሳ እኔ እየሞላሁ፣ እኔ ሳበዛ ማሚ እየቀነሰች። ጆሲ ጆሮው ቀልቶ «ኦ ማይ ጋድ፣ አምስት ዓመቴ እኮ ነበር» እያለ ያረረውን መጥበሻ ይፍቃል። አሁን በሳምንቱ መጨረሻ አጃውን የሚቆላው እሱ ነው፤ የማሚ አጃ የሚባለው ለወግ ነው፤ ሲያርር ደግሞ የሷ ይሆናል። እትዬ አስካለ አልሳቁም። በመሃል የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ሲፈቱ አየሁ፤ ኮታቸው ጭናቸው ላይ ሆነ።

«የኔ ልጅ አንቱ ነው የሚለኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ካልጋሪ ነው ያለው። ጨዋ ነው። ኮል ሲያደርግ እንደምን ሰነበቱ ይለኛል፣ ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል።» ኮታቸውን አጠፉት። «ምን እንደሚበላ ጠይቄው አላውቅም።»

ማሚ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጆሲ ካላረረው ወገን የተረፈውን ፈጭቶ፣ ለውሶ፣ በትልቁ ጨብጦ ከኩሽና ወጣ። እጁ አሁን ከአባቢ እጅ አያንስም። ጭብጦውን ለሁለት ገመሰው፣ አንዱን ወደ አፉ፣ ሌላውን ወደ እትዬ አስካለ።

«እንቺ» አላቸው።

ማሚ እጄን ያዘችኝ። እትዬ አስካለ ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞረው አዩ። የለም። የተዘረጋውን እጅ አዩ፣ ተቀበሉ፣ ቀስ ብለው ጎረሱ። እኛ አፋቸውን አናይም ብለን ወለሉን አየን።

አኝከው ዋጡ። ጣታቸውን ላሱ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉት።